ንጉሥ እንዴት ይጠየቃል? የውጭ እጅ በአሜሪካ ምርጫ ሲገባ ፕሬዚዳንትን ተጠያቂ ለማድረግ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባልን ነው ያደግነው። አሜሪካ መጥተን፣ ቀኝ እጃችንን አንሥተን ምለን ዜግነት ከወሰድን በኋላም አባባሉ ከብዙዎቻችን ልብ አልወጣም። ፕሬዚዳንት አጠፋ ሲባል ዜናውን እናያለን፣ እንናደዳለን፣ ቡና ላይ እንከራከራለን፣ ከዚያ ወደ ሥራችን እንበተናለን። እኔ በሰሜን ቨርጂንያ ቅጽ በመሙላትና ፊርማ በማረጋገጥ የምተዳደር ሰው ነኝ። ወገኖቼ ለአንዲት የቤተሰብ ማመልከቻ ምን ያህል እንደሚተጉ አውቃለሁ፤ ሰነድ ያሰባስባሉ፣ ቀን ይቆጥራሉ፣ ቅጂ ያስቀምጣሉ። መሪን ለመጠየቅ የሚያስፈልገውም ይኸው ትጋት ነው እንጂ ሌላ የተለየ እውቀት አይደለም።

ምሳሌ የማደርገው የ2016ቱን የሩሲያ ጣልቃ ገብነትና የ2019ኙን የዩክሬን ጉዳይ ነው። ሁለቱም በብዙ ሺህ ገጽ ሰነድ በአደባባይ ተቀምጠዋል፤ የትኛው መንገድ እስከ የት እንደሚያደርስም ታይቶባቸዋል። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የማን ጥፋት ነው የሚጠየቀው?

ሩሲያ በምርጫው እጇን ማስገባቷ አንድ ጉዳይ ነው፤ ዶናልድ ትራምፕ ስለዚያ በምን ይጠየቃሉ የሚለው ደግሞ ሌላ። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ክርክሩን ገና ሲከፍት ይሸነፋል።

የሩሲያ ድርጊት በማስረጃ የተደገፈ ነው። ሴንት ፒተርስበርግ የነበረው የኢንተርኔት ምርምር ኤጀንሲ የሚባል ድርጅት ሠራተኞች አሜሪካዊ መስለው በፌስቡክና በትዊተር ገጽ ይከፍቱ ነበር። ሜይ 21 ቀን 2016 ሂዩስተን ከተማ ውስጥ በአንድ እስላማዊ ማዕከል ደጃፍ ሁለት ተቃራኒ ሰልፎች ተፋጠጡ። አንዱን የጠራው ለቴክሳስ ተቆርቋሪ መስሎ የቀረበ ገጽ ነበር፤ ሌላውን የጠራው በሙስሊሞች ስም የተከፈተ ገጽ። ሁለቱም የሚዘወሩት ከዚያው ከሴንት ፒተርስበርግ ነበር። ብላክቲቪስት የተባለ ሌላ ገጽ ደግሞ የጥቁሮች መብት ተሟጋች መስሎ ብዙ ተከታይ አፈራ። የሴኔቱ የደኅንነት ኮሚቴ በ2019 ባወጣው ሪፖርት ድርጅቱ ከሌላው ሕዝብ ሁሉ አብልጦ ያነጣጠረው በጥቁር አሜሪካውያን ላይ እንደነበር ገልጿል። ልጆቻችን እዚህ አገር ሲቆጠሩ ከማን ጋር እንደሚቆጠሩ እናውቃለን፤ ስለዚህ ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከዚህ ጎን ለጎን የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ ድርጅት የዴሞክራቲክ ፓርቲን ኮምፒውተሮች ሰብሮ ገብቶ ኢሜይሎች አወጣ። በ2018 በአንድ ክስ 13 ሩሲያውያንና 3 ድርጅቶች፣ በሌላ ክስ ደግሞ 12 የስለላ መኮንኖች በአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ተከሰዋል።

ወደ ፕሬዚዳንቱ ስንመጣ ነገሩ ይጠባል። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሮበርት ሙለር ከሜይ 2017 እስከ ማርች 2019 መርምረው የደረሱበት ሁለት ክፍል አለው። በትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ሰዎችና በሩሲያ መንግሥት መካከል ሴራ ወይም ቅንጅት ስለመኖሩ ማስረጃው አላረጋገጠም። ፕሬዚዳንቱ ምርመራውን ለማደናቀፍ ሞክረዋል ወይ በሚለው ላይ ግን ሙለር ወንጀል ሠርተዋል ብለው አልደመደሙም፣ ነፃ ናቸውም አላሉም። በሪፖርቱ ውስጥ የዋይት ሐውስ የሕግ አማካሪ የነበሩት ዶን ማክጋን በ2017 ልዩ ዐቃቤ ሕጉን እንዲያስነሡ ከፕሬዚዳንቱ እንደታዘዙና እንዳልፈጸሙት ተጽፏል። ስለዚህ በሩሲያ ጉዳይ ፕሬዚዳንቱን የሚጠይቅ ሰው ጠንካራ መሬት የሚያገኘው «ከሩሲያ ጋር አሲረዋል» በሚለው ላይ አይደለም፤ «ስለ ጣልቃ ገብነቱ የሚደረገውን ምርመራ ለማስቆም ሞክረዋል» በሚለው ላይ ነው።

የዩክሬኑ ከዚህ ይለያል። ጁላይ 25 ቀን 2019 ፕሬዚዳንቱ ለዩክሬኑ መሪ ለቮሎዲሚር ዜሌንስኪ ስልክ ደውለው በምርጫ ሊፎካከሯቸው ስለተነሡት ስለ ጆ ባይደን ምርመራ እንዲደረግ ጠየቁ፤ በዚያው ወቅት 391 ሚሊዮን ዶላር ያህል የወታደራዊ እርዳታ ታግዶ ነበር። እዚህ ላይ የውጭ መንግሥት ራሱ ገብቶ አይደለም፤ ጠሪው መሪው ነው።

እንግዲህ ብዕር ከማንሣትዎ በፊት የሚጠይቁት ከእነዚህ የትኛውን እንደሆነ ይወስኑ፦ የውጭ እርዳታ ጠየቀ? የቀረበለትን ተቀበለ? እያወቀ ደበቀ? ምርመራ አደናቀፈ? የመንግሥትን ገንዘብ መያዣ አደረገ? ወይስ ምርጫውን የመጠበቅ ግዴታውን ተወ? ከወሰኑ በኋላ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉት፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ በየትኛው ሰነድ። ዐረፍተ ነገሩ አልሞላ ካለ ጉዳዩ ገና አልበሰለም ማለት ነው።

ሰነዱን ራስዎ ያንብቡ

የያኔው የፍትሕ ሚኒስትር ዊሊያም ባር ማርች 24 ቀን 2019 ስለ ሙለር ሪፖርት አራት ገጽ ደብዳቤ አወጡ። 448 ገጽ ያለው ሪፖርት ራሱ የተለቀቀው ኤፕሪል 18 ነው። በመካከሉ ባሉት ሳምንታት አገሩ ሁሉ በአራቱ ገጽ ተከራክሮ፣ አቋሙን ይዞ፣ ደክሞት ነበር። ሙለር ራሳቸው የባር ደብዳቤ የሪፖርቱን ይዘትና መንፈስ በሙሉ አልያዘም ብለው በጽሑፍ ቅሬታ አቅርበዋል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አጭር ነው፤ የሪፖርትን ማጠቃለያ ከፖለቲከኛ አይቀበሉ። 448ቱን ገጽ ማንበብ ካልቻሉ በሪፖርቱ ሁለት ጥራዞች መጀመሪያ ላይ የሙለር ቡድን ራሱ የጻፈው አጭር ማጠቃለያ አለ፤ በሁለት ምሽት ያልቃል። እንግሊዝኛው ከከበደዎ ኮሌጅ የገባ ልጅዎን አጠገብዎ ያስቀምጡና አብራችሁ አንብቡት። ለልጁም ይጠቅመዋል።

የሚቃወምዎን ሰነድም ማንበብ ግድ ነው። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዋና ተቆጣጣሪ የነበሩት ማይክል ሆሮዊትዝ ዲሴምበር 2019 ባወጡት ሪፖርት ኤፍ ቢ አይ አንድን የዘመቻ አማካሪ ለመከታተል ለፍርድ ቤት ባቀረበው ማመልከቻ ላይ 17 ጉልህ ስሕተቶችና ግድፈቶች ዘርዝረዋል። የሩሲያ ምርመራ እንዴት እንደተጀመረ እንዲያጣሩ የተሾሙት ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጆን ደረምም በ2023 የኤፍ ቢ አይን አሠራር ክፉኛ ነቅፈዋል። የሂላሪ ክሊንተን ዘመቻና የዴሞክራቲክ ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ደግሞ ስለ ትራምፕ ለተጠናው ዶሴ የከፈሉትን ገንዘብ በትክክል ባለማሳወቃቸው በ2022 ከምርጫ ኮሚሽኑ ቅጣት ተስማምተው ከፍለዋል። ያንን ዶሴ ማስረጃ አድርገው አይጥቀሱ። የሚደግፉት ፓርቲ ባጠፋበት ዝም ብለው የሌላውን ብቻ የሚያነሡ ከሆነ ደብዳቤዎን የሚያነብ ሁሉ ከሁለተኛው መስመር ላይ ያውቅብዎታል።

የሚዘጉ በሮች

ብዙ ሰው «ለምን አይታሰሩም?» ብሎ ይጠይቀኛል። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የሕግ ምክር ክፍል በ1973 ከዚያም በ2000 በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ሊከሰስ አይችልም የሚል አቋም ጽፏል፤ ሙለርም ይህን አቋም ነው የተከተሉት። ጁላይ 1 ቀን 2024 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በሥልጣኑ ለሠራው ሥራ ከወንጀል ክስ ሰፊ ከለላ እንዳለው ወሰነ። ያደግንበት አባባል በእንግሊዝኛ ተጽፎ እንዳገኘነው ቁጠሩት። በሙለር ምርመራ የተፈረደባቸው የዘመቻው ሊቀ መንበር የነበሩት ፖል ማናፎርትና የትራምፕ የቆየ አማካሪ ሮጀር ስቶን፣ ጥፋተኛነታቸውን አምነው የነበሩት የቀድሞው የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ማይክል ፍሊንም በ2020 መጨረሻ የፕሬዚዳንቱን ይቅርታ አግኝተዋል። ስለዚህ ጉልበትዎን በእስር ጥያቄ ላይ አይጨርሱ።

በኮንግረስ የሚደረገው ክስም ገደቡ ይታወቃል። የተወካዮች ምክር ቤት ዲሴምበር 18 ቀን 2019 በዩክሬን ጉዳይ ሥልጣንን አላግባብ በመጠቀም 230 ለ197 ክስ መሠረተ፤ ሴኔቱ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2020 ላይ ለጥፋተኛነት 48፣ ለነፃነት 52 ድምፅ ሰጥቶ ለቀቃቸው። ለማውረድ ከተገኙት ሴናተሮች የሁለት ሦስተኛው ድምፅ ያስፈልጋል። ከሪፐብሊካኖቹ መካከል በዚህ ክስ ጥፋተኛ ያሉት ሚት ሮምኒ ብቻ ነበሩ።

ታዲያ ከንቱ ነበር? አልነበረም። ነገሩ የተገለጠው አንድ የደኅንነት ሠራተኛ ኦገስት 12 ቀን 2019 በሕጉ መሠረት ጥቆማ ስላቀረበ ነው። ጉዳዩ በኮንግረስ መንቀሳቀስ ሲጀምር የታገደው ገንዘብ ሴፕቴምበር 11 ተለቀቀ። የኮንግረሱ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በጃንዋሪ 2020 እገዳው የበጀት ሕግን የጣሰ ነው ብሎ ወሰነ። ማክጋንም ቢሆኑ ከሁለት ዓመት የፍርድ ቤት ሙግት በኋላ ጁን 2021 ለምክር ቤቱ ኮሚቴ ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ ቃለ ጉባኤው ታትሟል። ቅጣት ባይገኝም መዝገቡ ተከፍቷል፣ ገንዘቡ ተለቋል፣ እያንዳንዱ ተመራጭ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ስሙ ተጽፎ ቀርቷል። ተራ ዜጋ የሚገፋው ወደዚህ ነው።

የምርጫ ኮሚሽኑ አቤቱታ

ይህ የእኔ ሙያ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ። የፌዴራል ሕግ የውጭ ዜጋ ለአሜሪካ ምርጫ ገንዘብ ወይም «ዋጋ ያለው ነገር» መስጠትን ይከለክላል፤ ያንን መጠየቅና መቀበልም ክልክል ነው። ሕጉ ተጥሷል ብሎ የሚያምን ማንኛውም ሰው፣ ዜጋ መሆን ሳያስፈልገው፣ ለፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ጠበቃ መቅጠር ግዴታ አይደለም፣ ክፍያም የለውም።

አቤቱታው ሙሉ ስምዎንና አድራሻዎን፣ የተከሳሹን ማንነት፣ የሆነውን ነገር በቅደም ተከተል መያዝ አለበት። በዓይንዎ ያዩትንና ከሌላ ምንጭ ያገኙትን ይለዩ፤ ከሌላ ከሆነ ምንጩን ይጥቀሱ፣ ቅጂውን ያያይዙ። ከዚያ በመሐላ ተፈርሞ በኖተሪ ይረጋገጣል። እዚህ ላይ ሰዎች በጣም ይሳሳታሉ፤ ቤት ፈርመው ይመጡና ማኅተም ብቻ አድርግልኝ ይሉኛል። የመሐላ ሰነድ እኔ ፊት ነው የሚፈረመው፤ መታወቂያ አያለሁ፣ አምላለሁ፣ ከዚያ ይፈርማሉ። ደግሞ የኖተሪ ማኅተም የጻፉት እውነት ነው ማለት አይደለም፤ የማሉት እርስዎ መሆንዎን ብቻ ይመሰክራል። በሐሰት ቢምሉ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ «ሰምቻለሁ» የሚሉትን «አይቻለሁ» ብለው አይጻፉ።

ኮሚሽኑ አቤቱታውን ለተከሳሹ ያሳውቃል፤ ተከሳሹ መልስ ለመስጠት 15 ቀን አለው። ከዚያ ረጅም ዝምታ ይከተላል፤ ጉዳዩ እስኪዘጋ ድረስ ሂደቱ ምስጢር ነውና። ኮሚሽነሮቹ ስድስት ሆነው ለውሳኔ አራት ድምፅ ያስፈልጋል፤ ከአንድ ፓርቲ ደግሞ ከሦስት በላይ መቀመጥ አይችሉም። በ2019 መጨረሻ ኮሚሽነር ጎድሎ ለወራት መወሰን አልቻለም፣ በ2025ም ያው ተደገመ። ቢሆንም አቤቱታዎን በጊዜው ያስገቡ፤ ለእነዚህ ጥፋቶች የይርጋ ዘመኑ አምስት ዓመት ስለሆነ ኮሚሽኑ እስኪሟላ መጠበቅ አያዋጣም።

አንድ የሕግ ችግር አስቀድመው ይወቁት። ጁን 9 ቀን 2016 የትራምፕ ልጅና የዘመቻው ኃላፊዎች ስለ ክሊንተን ጎጂ መረጃ ታመጣለች ከተባለች ሩሲያዊት ጠበቃ ጋር ተገናኝተው ነበር። ሙለር በዚህ ያልከሰሱበት ምክንያት ሰዎቹ ሕጉን እያወቁ መጣሳቸውንና የመረጃውን ዋጋ ማስረዳት ከባድ ይሆናል ብለው ነው። እርስዎም አቤቱታ ሲጽፉ እነዚህን ሁለት ነጥቦች፣ ማወቁንና ዋጋውን፣ የሚያሳይ ነገር ካለዎ ከፊት ያምጡት።

ደብዳቤው

አንድ ጡረታ የወጡ አባት፣ የቀድሞ የታክሲ ሹፌር፣ ለተመራጫቸው እንዳስተካክልላቸው በእጃቸው የጻፉትን አመጡልኝ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «አገሪቱ ለባዕድ ተሸጣለች፣ እናንተም ተኝታችኋል፣ ታሪክ ይፋረዳችኋል።» ንዴታቸው ልክ ነው፤ ግን የተመራጩ ጸሐፊ ይህን «ተቃውሞ» በሚለው ዝርዝር ላይ አንድ ቁጥር ጨምሮ ይዘጋዋል። ቁጭ ብለን ምን እንዳስጨነቃቸው ስንነጋገር አንድ ነገር ወጣ። ኤፍ ቢ አይ ከ2017 ጀምሮ የውጭ ተጽዕኖን የሚከታተል ግብረ ኃይል ነበረው፤ በወቅቱ የፍትሕ ሚኒስትር የነበሩት ፓም ቦንዲ በፌብሩዋሪ 2025 አፈረሱት። እናም ይህን ጻፍን፦

«እኔ በእርስዎ የምርጫ ክልል ነዋሪና መራጭ ነኝ። የኤፍ ቢ አይ የውጭ ተጽዕኖ ግብረ ኃይል በፌብሩዋሪ 2025 ፈርሷል። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ የሚሠራው የትኛው ክፍል ነው? እርስዎስ ይህን ከፍትሕ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ጠይቀዋል? ካልጠየቁ እንዲጠይቁልኝ፣ ከጠየቁም መልሱን እንዲልኩልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።»

ስድብ የለም፣ ልመናም የለም። «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባልበት ጥያቄ አለ። የሚመጣው የመጀመሪያ መልስ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የተዘጋጀ የምስጋና ደብዳቤ ነው። ያን ጊዜ ተስፋ አይቁረጡ፤ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ቅጂ ጋር «ጥያቄዬ አልተመለሰም» ብለው በድጋሚ ይላኩ። የሚጽፉት ለራስዎ ክልል ተወካይና ለሁለቱ ሴናተሮችዎ ብቻ ነው፤ የሌላ ክልል ሰው ደብዳቤ አይቆጠርም። ወደ ካፒቶል በፖስታ የሚላክ ነገር ከ2001ዱ የአንትራክስ ጥቃት ወዲህ በፍተሻ ይዘገያል፤ በድረ ገጻቸው ቅጽ ይላኩ ወይም በአካባቢዎ ባለው ቢሯቸው በእጅ ያስገቡ። በስልክ ከሆነ የኮንግረስ ማዞሪያ 202-224-3121 ነው፤ ስምዎንና የፖስታ ቁጥርዎን ተናግረው ያችኑ ጥያቄ ይድገሙ። ተመራጩ የሕዝብ ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ ጥያቄውን ጽፈው ይዘው ይሂዱ፣ ማይክሮፎኑ ሲደርስዎ ያንብቡት።

ሰነድ በመጠየቅ

የመረጃ ነፃነት ሕግ ከ1966 ጀምሮ አለ፤ ማንኛውም ሰው፣ ስደተኛም ቢሆን፣ ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ሰነድ መጠየቅ ይችላል። የሚፈልጉትን በቀንና በርእስ ጠበብ ያድርጉት። «ስለ ሩሲያ ያላችሁን ሁሉ» ካሉ ለዓመታት ይቀመጣል። መሥሪያ ቤቱ በ20 የሥራ ቀን መልስ መስጠት አለበት፤ ለንግድ ካልሆነ የመጀመሪያው 100 ገጽና የሁለት ሰዓት ፍለጋ በነፃ ነው፤ ከከለከሉዎ 90 ቀን የይግባኝ ጊዜ አለዎት። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸውና ኮንግረስ ግን በሕጉ አይሸፈኑም። ባር ስለ ሙለር ሪፖርት ሲወስኑ የተዘጋጀላቸው የውስጥ ማስታወሻ ለሕዝብ የወጣው በዚህ ሕግ በቀረበ ክስ ነው፤ ዳኛ ኤሚ በርማን ጃክሰን በ2021 እንዲወጣ አዘዙ፣ ይግባኝ ሰሚው በ2022 አጸናው።

በራሳችን ቤት

መሪን የምንጠይቅበት ሕግ እኛንም ይይዛል። ለአንድ እጩ ገንዘብ ሲሰበሰብ ዱባይ ያለች እኅት ወይም አዲስ አበባ ያለ አጎት ይጨምርበታል፤ እነርሱ የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ካልሆኑ ይህ የውጭ ገንዘብ ነው። የእነርሱን ገንዘብ በእርስዎ ስም መስጠት ደግሞ ሁለተኛ ጥፋት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከራሱ ኪስ መስጠት ይችላል፤ ድምፅ ግን አይሰጥም። በስሕተት እንኳ ቢመርጥ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርሰው ስለሚችል ይህን ለአዲስ ገቢዎች ደጋግማችሁ ንገሩ።

አጠራጣሪ ገጽ ካያችሁ ምስሉን ከነቀኑና ከነአድራሻው አስቀምጡ፣ ለኤፍ ቢ አይ በድረ ገጹ ጠቁሙ፣ በቴሌግራም ግን አታሰራጩት። ለማጋለጥ ብሎ የሚያሰራጨው ሰው ለባለቤቶቹ በነፃ ይሠራላቸዋል።

ምርጫው ሲደርስ

435ቱም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ፤ ቀጣዩ ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ነው። ከዚያ በፊት በምክር ቤቱ ጸሐፊ ድረ ገጽ ላይ የተወካይዎን ስም ፈልገው በዲሴምበር 2019 በምክር ቤቱ ከነበሩ በዩክሬኑ ክስ ላይ እንዴት ድምፅ እንደሰጡ ይመልከቱ፤ ካልነበሩ ቢኖሩ ኖሮ እንዴት ይሰጡ እንደነበር በስብሰባ ላይ ይጠይቋቸው። እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችሉ እናትና አባት በፌዴራል የመምረጥ መብት ሕግ መሠረት የሚያምኑትን ረዳት ይዘው ወደ ድምፅ መስጫው መግባት ይችላሉ። ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤትም ሊሆን ይችላል፤ አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ተወካይ ግን አይፈቀድም።